ከደረቁ ወንዝ ወዲያ የተወለደችው ጥሩ ዜጋ

ባለፈው ወር የድሮ ትምህርት ቤቴን በር አልፌ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የማንዳዚ ሽታ ነው። ከወጥ ቤቱ ጓሮ ሰፊ ብረት ድስት ተጥዷል፤ ዘይቱ ይንጫጫል፣ ሄል የገባበት ሊጥ ይነፋል፣ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። በእኛ ጊዜ አንድ ማንዳዚ ዐሥር ሳንቲም ነበር። ያቺን ትልቅ ቢጫ ሳንቲም ጠዋት ከእናቴ እጅ ተቀብዬ እስከ ዕረፍት ሰዓት ጨብጫት ስለምቆይ እጄ ቀኑን ሙሉ ብረት ብረት ይሸት ነበር። ማንዳዚውም ማንዳዚ ነበር፤ ግማሹን በዕረፍት በልተን፣ ግማሹን ወደ ቤት ስንመለስ እየቆረስን የምንሄድበት። ዛሬ የሚሸጡት በአንድ ጉርሻ ያልቃል፣ ዋጋውን ስትጠይቂ ደግሞ ቀና ብለው እንኳ አያዩሽም። አጠገቤ ቱሜ ነበረች። እሷም ሸትቷታል መሰለኝ ቆም አለች።

ቱሜ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። እኔ በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ እሷ ከሱቄ ፊት ለፊት ጀሪካኗን ደርድራ የግመል ወተት ትሸጣለች። ያን ዕለት ወደ ትምህርት ቤቱ የሄድነው የዜግነት ቀን የሚሉት ነገር ስለነበረ ነው። ርዕሰ መምህሯ፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት፣ ከሳምንት በፊት ደውላልኝ «ማማ አልማዝ፣ ልጆቹ ጥሩ ዜጋ ምን እንደሆነ ከድሮ ተማሪዎች አፍ እንዲሰሙ ብለን ነው» አለችኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ስለ ዜግነት ሲያወራኝ ጥርሴን ያመኛል። «እኔን ተዪኝ፤ ጥሩ ዜጋ ከፈለግሽ ቱሜን ጥሪ» ብዬ ዘጋሁባት። በንዴት ያልኩት ነበር፤ ልጅቷ ግን የምሯን ወስዳ ቱሜን ጠራቻት። ቱሜም እምቢ ትላለች ስል እሺ አለች፣ አዲስ የሚደረብ የሌሶ ጨርቅ እንኳ ከእኔው ሱቅ መረጠች። ድንኳን ተተክሏል፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ በሩ ላይ «ጥሩ ዜጋ ከዚህ ይጀምራል» የሚል ሸራ ተወጥሯል። ሸራውን ሳነበው ሳቄ መጣ፣ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም። እንግዶች ከሚቀመጡበት ረድፍ ጀርባ ቦታ ሰጡንና ተቀመጥን።

በእኛ ጊዜ ድንኳንም ወንበርም የለም። ሁለት ረጅም የቆርቆሮ ቤት፣ መሃሉ ላይ ባንዲራ የሚሰቀልበት እንጨት፣ ዙሪያውን የእሾህ አጥር፣ አለቀ። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ አስተማሪው ጠመኔውን ያስቀምጥና እጁን አጣጥፎ ይቆማል፤ እኛ ደግሞ ዝናብ እንዲቆይ እንጸልያለን። ዩኒፎርማችን ሰማያዊ ቀሚስ ነበር፤ ጨርቁ ወዲያ ማዶ ስለሚረክስ እናቶቻችን ደረቁን ወንዝ ተሻግረው ኢትዮጵያ ሞያሌ ይገዙና፣ ወዲህ አምጥተው መስጊዱ ጥግ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ለሚረግጠው ሰፊ ይሰጡታል። ያ ሰፊ ቀሚሱን ሁልጊዜ ሁለት ዓመት አስፍቶ ይሰፋ ነበር። እኔ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ የለበስኩት ቀሚስ ልክ የሆነኝ አምስተኛ ክፍል ስገባ ነው፤ ያኔ ደግሞ ቀለሙ ሄዶ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በእናቴ መቀነት ውስጥ ብርና ሺሊንግ ጎን ለጎን ያድሩ ነበር። ስኳር ወዲህ ሲረክስ ወዲያ ይሄዳል፣ ቡና ወዲያ ሲረክስ ወዲህ ይመጣል፣ ዘብ የሚባለውም ሰው ከጥላው ሳይነሳ እጁን ያወዛውዝልናል። ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ራዲዮ ጠዋት በስዋሂሊ ዜና ያነባል፣ ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ጆሮውን ጠምዘዝ ያደርገውና የአማርኛ ዘፈን በሳክስፎን ይለቅብናል። የጭነት መኪኖች ከደቡብ ስኳርና ሳሙና ጭነው አቧራ መስለው ይገባሉ፣ ከብት ጭነው ይመለሳሉ። እኔ ልጅ ሆኜ ሁለት አገር መካከል የምኖር አይመስለኝም ነበር። አንድ ከተማ ውስጥ የምኖር ነበር የሚመስለኝ፤ መሃሉ ላይ አሸዋማ ወንዝ ያለው።

ሁለት አገር መሆኑን ያስተማረን አስተማሪያችን፣ ሙዋሊሙ የምንለው፣ ነው። ስሙን መጥራት አልፈልግም፤ ደግ ሰው ነበር፣ በሕይወት ካለም ትምህርቱ ያደረሰውን አያውቅም። ከደቡብ በጭነት መኪና ተጭኖ ሲመጣ ቅንድቡ ሳይቀር ቀይ አቧራ ለብሶ ነበር። በማግስቱ ግን እጅጌ አጭር ነጭ ሸሚዝ፣ የተተኮሰ ቁምጣ፣ እስከ ጉልበቱ የተሳበ ካልሲ አድርጎ ክፍል ገባ። በዚያ አቧራ ውስጥ ያን ካልሲ እንዴት ነጭ አድርጎ እንደሚያቆየው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሲቪክስ የሚባለውን ትምህርት እንደ ሃይማኖት ነበር የሚያስተምረው። ጥሩ ዜጋ እውነት ይናገራል። ጥሩ ዜጋ ጉቦ አይሰጥም። ጥሩ ዜጋ ሽማግሌ ሲመጣ ይነሳል፣ ባንዲራ ሲሰቀል አያወራም፣ የሌላውን ውሃ አያደፈርስም። ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ እኛ በኅብረት እንጮኻለን፣ ከአጥር ውጭ ፍየል የሚጠብቁት ልጆች ሳይቀሩ አብረውን ይጮኻሉ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከትከሻ እስከ ወገብ የሚያርፍ አረንጓዴ ሪባን ያወጣና «ራያ ምዌማ» ብሎ ለአንድ ልጅ ያጠልቃል፤ ጥሩ ዜጋ ማለት ነው። ባለ ሪባኑ ባንዲራውን ይሰቅላል። እኔ አንድ ጊዜም ደርሶኝ አያውቅም፤ አፌ አያርፍማ።

ቱሜ ግን ሪባኑ የእሷ እስኪመስል ድረስ ነበር የምትለብሰው። አንድ ሰኞ በግቢው ዛፍ ላይ ያለች እንሽላሊት ላይ ድንጋይ ወርውራ የቢሮውን መስታወት ሰበረችው። ከእኔ በቀር ያያት የለም። «ዝም በይ፣ ፍየል ጠባቂዎቹ ናቸው ይባላል» አልኳት። ዓይኗን አፍጣ አየችኝና ቀጥ ብላ ቢሮ ገባች። ሙዋሊሙ ያኔ መስታወት ከናይሮቢ ካልመጣ በማይገኝበት አገር መስታወት ለሰበረች ልጅ የሚገባትን ያህል ገረፋት። ዓርብ ዕለት ደግሞ ሪባኑን አጠለቀላት። «ይህችን አገር የሚሠሯት እንደ ቱሜ ያሉ ናቸው» ብሎ ሁላችንንም አስጨበጨበን። እኔም አጨበጨብኩ፣ ልቤ ግን ተቃጥሎ ነበር። ቅናት ነው፣ ምን ይደበቃል። ቱሜ ባንዲራውን ስትስብ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ቂጧ ገና አልዳነላትም። እሷ ከዚያን ቀን ጀምሮ አስተማሪ እሆናለሁ ማለት ጀመረች። እንደ ሙዋሊሙ ነጭ ካልሲ አድርጌ አስተምራለሁ ትል ነበር።

አሁን ከሩቅ ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በእናቷ ቤት ነው። ከወር በፊት ትሄዳለች፣ ታርሳ፣ ጠንክራ፣ ልጇን አዝላ ወደ ባሏ ቤት ትመለሳለች። ይህ ልማድ ድንበር የሚባለው ነገር ሳይመጣ የነበረ ነው። ከተማችን ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ የሚያገባ ሰው የሞላባት ናት፤ ወዲህ ያለው ወንድ ከወዲያ ያገባል፣ ወዲያ ያለው ከወዲህ። ስለዚህ ኬንያ ሞያሌ ካሉት ቤቶች ስንቱ የበኩር ልጁ እትብት ወዲያ ማዶ፣ በአያቱ ደጅ ተቀብሯል። የእኔ ታላቅ ወንድም እንደዚያው ነው። እኔ አራተኛ ልጅ ስለሆንኩ እናቴ እዚሁ በራሷ አልጋ ወለደችኝ፤ ለአራተኛ ልጅ ማን ይሸከማታል። ቱሜ ለእናቷ በኩር ነበረች። አያቷ እትብቷን በበራቸው ሥር ቀብረው ጊደር ሰጥተዋታል፤ ሐንዱራ ይባላል፣ የእትብት ስጦታ። ትምህርት ቤት እያለን ስለዚያች ጊደር ስታወራ፣ ወለደች፣ ታለበች፣ ቀንዷ ዞረ ስትል እንሰለቻት ነበር።

ትምህርት ጨርሰን ለመታወቂያ የደረስን ጊዜ ማጣሪያ የሚባል ነገር ነበር። አሁንም ስሙን ስጠራው አፌ ይመርረኛል። በሌላው የኬንያ ክፍል ልጅ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞላኝ ብሎ ሄዶ ኪፓንዴውን፣ መታወቂያውን ማለቴ ነው፣ ያወጣል። እኛ ድንበር ላይ ያለነው ግን ከቺፉ፣ ከአካባቢው አስተዳዳሪ፣ ቢሮ ፊት ለፊት በግራሩ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው የአገር ልጅ መሆናችንን ይመሰክሩልናል። መሃላቸው ጠረጴዛ ይዞ የሚቀመጠው ሹም ከደቡብ የመጣ ነበር፤ አዲስ ነው፣ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል፣ የእኛን ቋንቋም የእኛን ልማድም አያውቅም። ከፊታችን ወንድሜ ገባ። ዘግይቶ ነበር የሚያወጣው፤ በጭነት መኪና ሲዞር ከርሞ። «የት ተወለድክ?» ሲሉት «እዚሁ» አለ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባ ዲዳ ነበሩ። እናቴ ወንድሜን ልትወልድ ስትሄድ በአህያቸው ወንዙን ያሻገሯት እሳቸው ናቸው። አባ ዲዳ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ሐቅ ነው፣ የዚሁ ልጅ ነው» አሉ። ወንድሜ እየሳቀ ወጣ። የበኩር ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚለው፤ የሚዋሽ የሚመስለው እንኳ አልነበረም። ቀጥሎ እኔ ገባሁ፣ እኔማ እውነትም እዚሁ ነኝ፣ ቶሎ ጨረስኩ። ቱሜን ለመጠበቅ ከዛፉ ጎን ቆምኩ።

«የት ተወለድሽ?» አላት ሹሙ።

«ወዲያ። በአያቴ ቤት» አለች ቱሜ።

ሹሙ ከጠረጴዛው ቀና አለ። «ወዲያ የት?»

«ኢትዮጵያ። በኩር ነኝ፣ ልማዳችን ነው። ስጠነክር እናቴ አዝላኝ መጣች። አባቴ የዚህ ሰው ነው፣ የውሃ ጉድጓዱ እዚህ ነው፣ መቃብሩም እዚህ ነው።» ድምጿ ልክ ሰሌዳ ፊት ቆማ ትምህርቷን እንደምትመልስ ነበር። አባቷ ከዓመት በፊት ሞተዋል፤ ቢኖሩ ኖሮ ይናገሩላት ነበር።

ሹሙ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ «እውነት ነው?» አለ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ደቂቃ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ጌታዬ፣ በኩር ሁሉ እንደዚሁ ነው፣ የእኔም ልጅ ወዲያ ነው የተወለደው» ቢለው ያበቃ ነበር። ማንም አላለውም። እያንዳንዱ ቤቱ ያለውን የበኩር ልጁን አሰበ፤ ይኼ ሰው የእኛንም ኪፓንዴ ይነጥቃል ብሎ ፈራ። አባ ዲዳ ከዘራቸውን እያዩ «ራሷ ካለች እኛ ምን እንላለን» አሉ። እኔ «እናቷ እኮ…» ብዬ ስጀምር ዘቡ በዱላው ገፈተረኝና ሂጂ አለኝ። ሹሙ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ። ሙዋሊሙ ያኔ ተዛውሮ ደቡብ ሄዷል። ተማሪው ምን እንዳጋጠማት አላየም፤ ባያይም ይሻለዋል።

ቱሜ የመምህራን ኮሌጅ አልፋ ነበር። ያለ መታወቂያ ሄደች። እናቷ ፍየል ሸጠው ጫማ ገዙላት፣ ተረከዝ ያለው ጥቁር ጫማ፣ በከተማው ከእሷ በቀር ያደረገው የለም። በከብት መኪና ላይ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፣ እኔ እስከ መንገዱ ጫፍ እጄን እያወዛወዝኩ ሮጥኩ። ያኔ አስፋልት የለም፣ መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ሰው ናይሮቢ እስኪደርስ ፊቱ ይለወጣል። እሷ ግን የመጀመሪያውን ትልቅ ኬላ አላለፈችም። ፖሊሱ ኪፓንዴ አላት፤ የትምህርት ማስረጃዋን አሳየችው፤ ማስረጃውን ገልብጦ አይቶ መለሰላትና ውረጂ አላት። ፍየል ጭኖ በሚመለስ መኪና ተመለሰች። ቤታችን በር ላይ ስትደርስ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። «ሰኞ ይጀመራል ብለው ነበር» አለችኝና ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ወዲያ ማዶ ሄዳ ደግሞ መታወቂያ ስጡኝ ብትል «አባትሽ የየት ነው?» አሏት። «የወዲህ» ስትል «እንግዲያው ወደ አባትሽ አገር ሂጂ» አሏት። ይሄን ሲሰሙ ሰዎች ይስቃሉ። እኔ ስቄበት አላውቅም።

ማጣሪያው በተቀመጠ ቁጥር ትሄድ ነበር፣ በተጠየቀች ቁጥር ያንኑ ትመልሳለች። እኔ ተናድጄ «አንቺ ምን ሆነሻል፣ ‹እዚሁ› ማለት እንዴት ያቅትሻል?» ስላት «ዋሽቼ የማገኘው ኪፓንዴ የእኔ አይደለም» ትላለች። ሙዋሊሙን እረግመው ነበር፤ ካልሲውን፣ ሪባኑን፣ ጠመኔውን። ሌሎቻችን፣ የዋሸውም ያልዋሸውም፣ ነገድን፣ ሱቅ ከፈትን፣ ልጆቻችንን ደቡብ ላክን። ቱሜ አገባች፣ ልጆቿ በአባታቸው ኪፓንዴ ወጣላቸው፣ እሷ ግን የስልክ መስመሯ እንኳ በእኔ ስም ነው። ወተት ነጋዴ ሆነች፤ ወተት ሲገዛ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ባሏ የታመመ ጊዜ ሶሎሎ ያለው የሚሲዮን ሆስፒታል ወደ ናይሮቢ ላከው። ልጇ አብሮት ሄደ፣ እሷ ኬላውን ማለፍ ስለማትችል ቀረች። ናይሮቢ ሞተ፤ ሬሳውን ለማምጣት የሚበቃ ነገር ስላልነበረን እዚያው ተቀበረ። አፈር አላለበሰችውም። ሱቄ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ «ሲቀብሩት ማን እንደነበረ እንኳ አላውቅም» ስትል አሁንም ይሰማኛል። ጥሩ ዜጋ እውነት ይናገራል። ሙዋሊሙ ይኼን ሲጽፍ ከሥሩ የሚከፈለውን አልጻፈልንም።

እንግዲህ በቅርቡ ማጣሪያ ቀረ የሚል ወሬ መጣ። መጀመሪያ በራዲዮ፣ ከዚያ በገበያው፣ ከዚያ ሰዎች ካርድ ይዘው ሲመጡ በዓይናችን አየን። ሱቄን ዘግቼ ቱሜን በግድ አስነሳኋት። ሁለታችን በአንድ ቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ተጭነን፣ እሷ መሃል፣ እኔ ከኋላ፣ ስንሄድ ጆሮዬ ላይ «ከጠየቁኝ እውነቱን ነው የምላቸው» አለች። ነጂውን አስቁሜ ወረድኩ። መንገድ ዳር ቆመን ተጣላን፣ ሁለት አሮጊቶች፣ አላፊ አግዳሚ እየሳቀብን። «ባልሽን ያላስቀበረሽ እውነት ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። ነጂው «ማማ፣ ሃራካ፣ ቶሎ በሉ፣ ሌላ ሰው ይጠብቀኛል» እያለ ይነዘንዘናል። ቱሜ ተመልሳ ተቀመጠች፣ እኔም ተከተልኩ።

ቢሮው ውስጥ የነበረው ወጣት ደግ ልጅ ነው። ቆሞ ወንበር ሰጣት። ስሟን ጠየቀ፣ የአባቷን ጠየቀ፣ «ማማ፣ የት ተወለድሽ?» አለ፣ ወደ ኮምፒውተሩ እያየ። ልጁ ቀና ብሎ አያት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ የወንበሯን መደገፊያ ጨበጥኩ።

«እዚህ» አለች፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ልጁ ጻፈና ወደ ሌላው ጥያቄ አለፈ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ካርዱ መጣ። ፎቶው ላይ የተቆጣች ትመስላለች። ደስታ በደስታ ሆኜ ሶዳ አስከፈትኩላት፤ እሷ ጠርሙሱን ነካ ሳታደርገው ተቀመጠች። «አያቴን ካድኳት፣ ዳዳ፣ እህቴ» አለችኝ። «እትብቴን የቀበረችልኝን። ጊደር የሰጠችኝን። አላውቃትም አልኩ።» ሶዳውን እኔ ጠጣሁት።

ወደ ትምህርት ቤቱ የተጠራነው ካርዱ በወጣ ሰሞን ነው። ድንኳኑ ሥር ፊት ረድፍ ላይ ቺፉ ተቀምጧል፤ የአሁኑ ቺፍ ወጣት ነው፣ የደንብ ልብሱ ወገቡን ይዞታል። ከጎኑ አባ ዲዳ አሉ፣ በጣም አርጅተዋል፣ ሰዎች ደግፈው ነው ያመጧቸው። ልጆቹ ጥሩ ዜጋ ምን ምን እንደሚያደርግ በኅብረት ጮኹ፤ አንዳንዱ ቃል ተለውጧል፣ ስለ ፕላስቲክና ስለ ኢንተርኔት ተጨምሯል፣ «እውነት ይናገራል» የሚለው ግን እንደነበረ አለ። ርዕሰ መምህሯ ቱሜን «በዚህ ትምህርት ቤት የጥሩ ዜጋ ሽልማት በብዛት ያገኘች እናታችን» ብላ አስተዋወቀቻትና ማይክ ሰጠቻት። ቱሜ ሰላምታ ከሰጠች በኋላ ጥቂት ነገር ተናገረች፤ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሙዋሊሙ ነጭ ካልሲ። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ልጆች እንዲጠይቁ ተፈቀደ። ከፊት የተቀመጠች ጥርሷ የወለቀ ሚጢጢ ልጅ እጇን አውጥታ ተነሳችና «አኮ፣ አንቺ የት ተወለድሽ?» አለች፣ አያቴ ማለቷ ነው።

ቺፉ ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ነው ያለው። ካርዱን የሰጠ መንግሥት ካርዱን ይነጥቃል፤ ስንቱ ተነጥቋል። ከወንበሬ ብድግ ብዬ በዓይኔ ለመንኳት። አላየችኝም። ልጅቷን ነበር የምታየው።

«ወዲያ» አለች ቱሜ በማይኩ። «ኢትዮጵያ ሞያሌ፣ በአያቴ ቤት። በኩር ነኝ። ልጆች ፊት አልዋሽም።»

ርዕሰ መምህሯ ወደ ቺፉ አየች። ቺፉ ለትንሽ ጊዜ ቱሜን አተኩሮ አያት፣ ከዚያ ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሳቁ አመለጠው። «ማማ ቱሜ! እዚህ ድንኳን ውስጥ ወዲያ ያልተወለደ በኩር ማን አለ? እኔ ራሴ እዚያ አይደለሁም እንዴ!» አለ ጭኑን እየመታ። ሰው ሁሉ ፈነዳ። አንዱ «እኔም!» ይላል፣ ሌላው «የእኛ ቤት ሁለቱም!» ይላል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ያጨበጭባሉ። አባ ዲዳ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንስተው «የእኔም ልጅ! የእኔም!» እያሉ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ቀላል ነገር ሆነ። አንድ ሰው ብቻ መናገር ነበረበት፣ ሌላው ሁሉ ተከተለ።

ቱሜ ሳቁ እስኪያልቅ ማይኩን ይዛ ቆመች። ከዚያ ለርዕሰ መምህሯ መለሰችላትና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እጇን ያዝኩላት።

«ያን ቀን በግራሩ ሥር እንዲህ ስቀው ቢሆን ኖሮ» አለችኝ።